ልጄን ከቡድኔ ለምን እንዳወጣሁት

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16
ዋረን፣ ኦሃዮ

ዴቮን ልጄ፣

ይህን ወረቀት ሳትቀድደው እስከ መጨረሻው አንብበው። ሌላ ነገር አልለምንህም። ማለቴ፣ ሌላም የምለምንህ አለ፤ እሱ ግን ታች ነው ያለው። መጀመሪያ አንብብ።

ማክሰኞ ከሰዓት የክላይድ ልጅ እንደነገረህ አውቃለሁ። «አባትህ ከፋንታሲ ፉትቦል ቡድኑ አባረረህ» አለህ፣ አንተም «ምን አደረግኩህ?» የምትል አንዲት መልእክት ልከህልኝ ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳት ተውክ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። እናትህ «ጻፍለት፤ ስልኩን ይዘጋብሃል፣ ወረቀት ግን አይዘጋም» አለችኝ። ስለዚህ የጠዋቱን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ፣ አውቶቡሱን ማቆሚያው ውስጥ ገትሬ፣ መሪው ላይ ደብተር ዘርግቼ እጽፍልሃለሁ። የስምንት ሰዓቱ ጉዞ እስኪደርስ ጊዜ አለኝ። ከዚያ በፊት ፖስታ ቤት ሮጬ በፈጣኑ እልከዋለሁ። አንተ ደግሞ ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው ያለኸው። የፖስታ ቤቷ ልጅ በስልክ ነገ ይደርሳል ብላ ምላለች፤ ቅዳሜ ጠዋት እንኳ እጅህ ካልገባ ጉዴ ፈላ፤ እሁድ ጨዋታ አለህ።

አዎ፣ አውጥቼሃለሁ። ጣቴ ስቶ አይደለም። ስልኬ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ነው «አዎ» ያልኩት። በሊጋችን ካሉት የኋላ ተከላካዮች ሁሉ ብዙ ነጥብ ያመጣ ሰው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይወስድብኝ እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅሁህ ልጅ፣ አሁን የማንም አይደለህም። ክፉ ስለተጫወትክ እንዳይመስልህ። እባክህ እንዳይመስልህ።

እናትህ ማክሰኞ ራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ። የክላይድ ሚስት ነግራታለች።

«ልጄን አባረረው ነው የሚሉት። ከየት ነው የምታባርረው? የወለድከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለዚህ ጨዋታ ስለፈልፍ አንድም ቀን ጆሮዋን ሰጥታኝ አታውቅም። ያን ቀን ግን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «አስረዳኝ» አለች። አንተ ሁሉንም ታውቀዋለህ፤ ግን እሷን ሳስረዳ ነው ለኔ ለራሴ የገባኝ፣ ስለዚህ እንዳልኳት ልንገርህ።

«ይኸውልሽ ሎሬታ» አልኳት፤ «እኛ በእውነት የሚጫወቱትን ሰዎች በወረቀት ላይ እንመርጣለን። የመረጥነው ሰው እሁድ ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ለኛ ነጥብ ይሆናል። ሌላው ሊግ ኳስ ወርዋሪና ሯጭ ብቻ ነው የሚመርጠው፣ የኛ ግን ተከላካዮችንም አንድ በአንድ ይመርጣል። ኳስ የያዘውን ሰው ብቻውን ከጣለ አንድ ነጥብ፤ ከጓደኛው ጋር ተረባርቦ ከጣለ ግማሽ።»

«እና ጎበዙን ትመርጣለህ።»

«አይደለም! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ጎበዝ የመስመር ተከላካይ ላይ ማን ደፍሮ ኳስ ይወረውራል? ይፈሩታል፣ ወደሱ አይመጡም። ካልመጡበት ደግሞ ማንን ይጥላል? ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክላይድ በየዓመቱ ስም ያለውን እየመረጠ በየዓመቱ መጨረሻ የሚወጣው ለምን ይመስልሻል? እኔ የምፈልገው ሴፍቲ የሚሉትን የኋላ ተከላካይ ነው። እሱም ከኋላ ርቆ የሚጠብቀውን ሳይሆን ወደ ፊት ተጠግቶ፣ ግርግሩ መሀል ቆሞ፣ ከመጣው ሁሉ ጋር የሚላተመውን። ብዙ በተጋጨ ቁጥር ብዙ ያመጣል።»

እናትህ ቀስ ብላ፣ «ልጄ የት ነው የሚቆመው?» አለችኝ።

«ግርግሩ መሀል።»

«አንተም ደስ ይልሃል።»

ተነሥቼ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመርኩ፤ መቼ ሳህን አጥቤ እንደማውቅ አንተ ታውቃለህ።

አሁን ስለ እሁድ ልንገርህ። ይህን ለእናትህ አልነገርኳትም፤ ላንተ ነው የምናገረው።

እንደተለመደው ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን አሞስ ፀጉር ቤት ተሰበሰብን። እሁድ እሁድ የማንም ፀጉር አይቆረጥም፤ ለሊጉ ሰዎች ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራሉ። የአሞስ ወንድም ሌስተር ብቻ ነው የሚላጨው። ሌስተር ያው መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ «ጢሜ አደገ» ይላል፣ እንደተላጨ ይረሳዋል፤ አሞስም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጊዜ ምላጭ በሌለው መላጫ አረፋውን ይጠርግለታል። በጊዜው ደርሰህ ስላላየኸው እንጂ ሌስተር በዚህ ከተማ እንዳንተ ያለ ሴፍቲ ነበር። ሲመታ ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ያህል አጠገቡ እየተቀመጥኩ ዶሮ እየበላሁ ጨዋታ አይቻለሁ፣ አንድም ቀን ደህና አድርጌ አይቼው እንደማላውቅ አሁን ነው የገባኝ።

ያን ሳምንት የገጠምኩት ከክላይድ ጋር ነበር። አራተኛው ሩብ ላይ በግማሽ ነጥብ ይመራኛል። የሱ ሰዎች ጨርሰዋል፤ የኔ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። አንድ ሰው ብቻህን ብትጥል አበቃ።

ክላይድ «አንተ ሹፌር» ይለኛል፣ «ዘንድሮ እንኳ በልጅህ አታመልጥም። ደክሞታል፣ እየው!»

«አንተ የመረጥከውን ጌታ እይ እንጂ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ አንድ ሰው አልነካም። ላብ እንኳ የለው!»

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ያ ግዙፉ ሯጭ መሀሉን ሰንጥቆ መጣና አንተ ዝቅ ብለህ ገባህበት። ጉልበቱ ከራስ ቁርህ ጋር ተጋጨ። ሌሎች ላያችሁ ላይ ወደቁ፣ ነጥቡም ለሁለት ተካፈለ፤ ለኔ ግማሽ ደረሰችኝ፣ ከክላይድ ጋር እኩል ሆንን። ክምሩ ሲነሣ አንተም ተነሣህ። አጨበጨብክ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ተጋጣሚዎቻችሁ ተሰብስበው ወደሚመካከሩበት ክብ ሄድክ። ጓደኛህ ትከሻህን ይዞ አዞረህ። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ «ቶሊቨር አድራሻው ጠፋበት» ብሎ ሳቀ፣ እነዚህም ተከትለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ የአቋቋምህን ነገር የማውቅ ሰው ነኝ። አላየሁም ብል ዓይኔ ይጥፋ፤ አየሁ ልጄ። ቀና ብለህ ወደ ሐኪሞቹ በኩል አየህ፣ ልትወጣ አስበህ ነበር። አስበህ ነበር አይደል? እኔ ያኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮህኩ።

«አትውጣ! አንድ ብቻ! አንድ ጣልና ውጣ!»

ሌስተር ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ቆመ። አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ፎጣ መሬት ወደቀ። ቀኝ እጁን አንሥቶ «አልወጣም አሰልጣኝ» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ አልወጣም።»

አሞስ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። አንተም አልወጣህም፤ ከሦስት ሙከራ በኋላ አንዱን ብቻህን ጣልከው፤ እኔም በአንድ ነጥብ አሸነፍኩ። ጨፈርኩ። የክላይድን ኮፍያ ነጥቄ ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ፀጉር ቤቱን ዞርኩ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ታሟል፣ ግን ጨፈርኩ። ከእሁድ ጀምሮ እህል የምበላ እንዳይመስልህ፣ እንደው እላወሳለሁ እንጂ።

ሰኞ ደወልክ። ብርሃኑ ዓይንህን እያስቸገረህ መጋረጃውን ዘግተህ እንደተኛህ ነገርከኝ። «ምንም አይደለም አባዬ፣ ለማሚ አትንገራት» አልክ። ሐኪም አይቶሃል ወይ ስልህ፣ «ቀኑን ጠየቀኝ፣ አወቅሁለት» ብለህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ያስቀኛል? ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት የማስታወስ ፈተና ሲፈትኗችሁ ሆን ብለህ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጣህ አንተው ነህ የነገርከኝ፤ ወደፊት ጭንቅላትህ ቢመታ ልዩነቱ እንዳይታይባቸው። ጓደኞችህ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ አልከኝ። ያኔ ብልጠት መስሎኝ «አይ የኔ ልጅ» ብዬ ለክላይድ አወራሁለት። ፀጉር ቤቱ ሁሉ አደነቀህ።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ «ቢስኪት እንዴት ነው?» ብለህ ጠየቅከኝ። «ደህና ነው» አልኩህ። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ አሁን እጄ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን አድርሼ እዚሁ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ከላይ የተቀረጸውን ፊልም በስልኬ ከፈትኩ፤ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች የሚታዩበትን። ደብተሬን ታውቀዋለህ። ማንም ተከላካይ ከመምረጤ በፊት የት እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ ሜዳ ላይ እንደነበረ፣ ስንቱን እንደጣለና ስንቱን እንደሳተ እጽፋለሁ። የሌላውን ሁሉ እንዲህ እበረብራለሁ፤ ያንተን ግን በርብሬ አላውቅም፤ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ ነህ፣ አንተን መምረጤ አይቀር። ባንተ ረድፍ ላይ የጻፍኩት የነጥብህን ድምር ብቻ ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ።

ማክሰኞ ስምህን ትቼ «ሠላሳ አንድ ቁጥር» ብዬ ጻፍኩና እንደማንም ሰው ገመገምኩህ። ስድስቱንም ሳምንት። መዝገቡ እንደሚለው አምና በሙሉ ወቅቱ ስድስት ሰው ነው የሳትከው፤ ዘንድሮ ገና በስድስት ሳምንት አሥራ አንድ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ አቋቋምህ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ኳሱ ከተነሣ በኋላ ነው የምትነሣው፤ ድሮ ከኳሱ ጋር እኩል ነበርክ። ከጥላው ወደ ፀሐዩ ስትወጣ አንገትህን ትደፋለህ። ነጥብህ ያልቀነሰው ሌላው ሰው ከፊትህ ስለሚያመልጠውና ወዳንተ ስለሚመጡ ብቻ ነው፤ ደግሞ የሜዳችሁ መዝጋቢ ቸር ነው፣ ክምር ላይ ለወደቀ ሁሉ ግማሽ ይሰጣል።

ከዚያ ሦስተኛውን ሳምንት ፈለግሁት። ሁለተኛው ሩብ ላይ የራስህ ጓደኛ ክርን ጆሮህ ላይ ሲያርፍ አገኘሁት። በቴሌቪዥን ያን ሰዓት ማስታወቂያ ነበር። ተንበርክከህ አራት ሰከንድ ያህል ሣሩን ታያለህ። ከዚያ ተነሥተህ ታጨበጭባለህ።

ይህ የሌላ ሰው ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል ታውቃለህ። «ይሄ ሰው ታሟል፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ማውጣት ነበረብህ» እል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ከተማ ሰው ስለ ኋላ ተከላካይ የማስተምር እኔ ነኝ። የማንንም ልጅ ሕመም ከእግሩ አይቼ አውቃለሁ። ያንተን ሳላይ ሦስት ሳምንት ነጥብ ስደምር ከረምኩ።

ያን ጊዜ ነው አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ያወጣሁህ። እኔ ስላወጣሁህ ከሜዳ እንደማትወጣ ይጠፋኛል እንዴ? አሰልጣኝህ መኖሬንም አያውቅ። ግን እሁድ ደግሞ አንተ በተመታህ ቁጥር ለኔ ነጥብ እንዲቆጠርልኝ አልፈልግም። ከጮህኩት ጩኸት በኋላ ያቺን ነጥብ የምቀበልበት ፊት የለኝም። ምክንያቱ ይኸው ነው። «ምን አደረግኩህ?» አልከኝ። ምንም አላደረግከኝም ልጄ፣ ያደረግሁህ እኔ ነኝ።

ደንባችንን ታውቃለህ፤ ከቡድን የወጣ ተጫዋች እስከ ሐሙስ ንጋት ድረስ ይቆይና መጨረሻ ላይ ካለው ቡድን ጀምሮ በተራ ይወሰዳል። መጨረሻ ያለው ማን ነው? ክላይድ! ማክሰኞ ገና ራት ሳልበላ ደወለ።

«ስማ፣ አሞሃል ወይስ ጠጥተሃል? ወይስ ልጁ ነገ ሊሞት ነው?»

ሊቀልድ ነው። እኔ ግን ስልኩን ዘጋሁበት። እሱም የቀለድኩ መስሎት መልሶ ደወለ፣ አላነሣሁትም። ረቡዕ የከሰዓቱን ልጆች አውርጄ ፀጉር ቤት ስገባ ሊጉ በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው።

«መጣ ሰውዬው!» አለ ክላይድ። «ዌንደል፣ አታስብ፣ እንደ ራሴ ልጅ አሳድገዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመጨረሻ ያልተነሣሁትን አንድ ለናቱ የሆነ ልጅህ ሊያነሣኝ ነው!»

ሁሉም ይስቃል። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የሳትካቸውን፣ የዘገየህበትን፣ አንገትህን የምትደፋበትን። አሞስ ለሌስተር አረፋውን በዚያ ምላጭ በሌለው መላጫ እየጠረገለት ያዳምጣል። ክላይድ መጀመሪያ ተከራከረኝ፤ «ሁሉም ይመታል፣ ሥራቸው ነው፣ ያንተ ልጅ ከብረት ነው» አለኝ። እኔም ሰኞ በስልክ ስለ ቢስኪት የጠየቅከኝን ነገርኳቸው።

ክላይድ «እንዴ፣ አካፋዬን እኮ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። የያዘውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሌስተር «ማነው የተመታው?» እያለ አንድ በአንድ ፊታችንን ያይ ነበር። አሞስ ግንባሩን ሳመው።

እንዳይወስዱህ አልለመንኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በሊጋችን አይለመንም። ደግሞም እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አሞስ ለግማሽ ነጥብ ብሎ የሚስቱን የልደት ድግስ ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ክላይድ እናቱ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ከአልጋዋ ሥር ሆኖ ተጫዋች ሲለዋወጥ ነርሷ አስወጥታዋለች። ስለዚህ ትላንት ከዚያ ስወጣ በቃ ይወስዱታል፣ ዛሬ ከአንዱ ደብተር ላይ አየዋለሁ እያልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱን ከማስነሣቴ በፊት ስልኬን ከፈትኩ። ክላይድ የመጀመሪያ ተራውን ምን እንደወሰደበት ታውቃለህ? በእግሩ ጎል የሚመታ ሰው! በዓለም ላይ የመጀመሪያ ተራውን በእንዲህ ዓይነት ሰው ላይ የጨረሰ የለም፤ ደግሞ ሁለት አለው፣ ሦስተኛ ምን ያደርግለታል? ቀጥሎ አሞስ እግሩ ተሰብሮ ወቅቱን የጨረሰ ልጅ ወሰደ። ከሱ በኋላ ያሉት ዝም ብለው አለፉ። አሥራ አንዱም አንተን አልወሰዱህም። ከተራዬ በፊት ያለውን ዲያቆኑን ሳይቀር አየሁት፤ ያ ሰው እኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ነጥብ የሚቆጥር ነው፤ እሱም አለፈህ። ስምህ ከሚወሰዱት ዝርዝር አናት ላይ ብቻውን አለ፣ ጎኑ ላይ የሊጉ ትልቁ ቁጥር ተጽፏል፣ የነካህ የለም።

አለቀስኩ ዴቮን። የመጀመሪያዋ ማቆሚያ ላይ ያለችው ትንሽ ልጅ ስትሳፈር «ሚስተር ቶሊቨር፣ ጉንፋን ይዞሃል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

እኔም ያንተን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ቦታ ባዶ ትቶ የሚጫወት ሰው ቅጣቱ ያው ነው፤ እሁድ ሙሉ ቀን ያንን የአሞስን ሮዝ የፀጉር ቤት ልብስ ለብሼ እቀመጣለሁ፣ እነዚህም ፎቶ ያነሡኛል። ያንሡኝ። ቢፈልጉ እስከ ገና እለብሰዋለሁ።

አሁን የምለምንህ ይህ ነው። ቅዳሜ ወደ ሐኪሙ ሂድና እውነቱን ንገረው። ራስህን ሦስት ሳምንት እንዳመመህ፣ ብርሃኑን፣ መጋረጃውን። ያንን ፈተና ሆን ብለህ እንደወደቅክም ንገረው፤ ካልነገርከው ምን እንደጎደለህ በምን ያውቃል? ውልህ ዘንድሮ እንደሚያልቅ አልጠፋኝም። ከኋላህ ያለው ያ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ እሁድ ከገባ ቦታህን እንደሚወስድብህ አውቃለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ምን እያሰብክ እንደምትተኛ አውቃለሁ፤ ለእኛ የገዛህልንን ቤት እያሰብክ እንደሆነም አውቃለሁ። ቤቱን እንሸጠዋለን። ያን የድሮውን ጠባብ ቤት እኮ እናትህ አሁንም ትወደዋለች፤ ኩሽናው ይሻል ነበር ትላለች።

ስምንት ዓመትህ ሳለ ትልልቆቹ ልጆች ጥለውህ ስታለቅስ ጎትቼ አስነሥቼህ «ተነሥና አጨብጭብ፤ እንደታመምክ አይወቁ» ያልኩህ ትዝ ይልሃል? ያን ቀን አጨበጨብክ። ከዚያ ወዲህ በወደቅክ ቁጥር ታጨበጭባለህ፣ እኔም እዚህ ሆኜ ለሰዉ ሁሉ «እየው፣ የኔ ትምህርት ነው!» እላለሁ። ልጄ፣ ያን ትምህርት መልሼ ወስጄዋለሁ። ቢያምህ አታጨብጭብ። ቢያምህ ተኝተህ ቆይ፣ ዓለም ሁሉ ይየው።

እናትህ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቁማዋለች። ትምጣ ብትልም ባትልም ሰኞ ትመጣለች፤ የስኳር ድንች ፓይ እንዴት አውሮፕላን ላይ ይዞ እንደሚገባ ለመጠየቅ ዛሬ ሁለት ጊዜ አየር መንገዱ ጋ ደውላለች። እኔ ተተኪ ሹፌር ካገኘሁ አብሬያት እመጣለሁ። የምትቀየመኝ ከሆነ በር ላይ ቆሜ አይቼህ እመለሳለሁ።

እሁድ ሠላሳ አንድ ቁጥር ሜዳ ሲገባ ካየሁ ፀጉር ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ማየት አልችልም። ካላየሁ ግን ያንን ሮዝ ልብስ ለብሼ አራቱንም ሩብ ቁጭ እላለሁ።

እግዚአብሔር ከቤትህ እስከ ሜዳው፣ ከሜዳው እስከ ቤትህ ከላይህ አይለይ። አእምሮህን፣ ሳቅህን፣ የእናትህን ስም የምትጠራበትን አፍ ይጠብቅልኝ። ከኛ ቀድሞ ምንም አይንካህ።

የሚወድህ አባትህ፣
ዌንደል

ማስታወሻ፦ ውሻህ ቢስኪት ሞቷል ልጄ። ባለፈው ዓመት ለእናትህ ልደት መጥተህ ሳለ ነው የሞተው። ከክላይድ አካፋ ተውሰህ ከጋራዡ ኋላ ያለው የፖም ዛፍ ሥር አንተው ቆፍረህ ቀበርከው፣ እኔን አላስነካህም፤ መዳፍህ ተላልጦ እናትህ ቅባት ቀባችህ። ሰኞ ደህና ነው ያልኩህ ፈርቼ ነው። ይህን ስታነብ ትዝ ካለህ ደውልልኝ። ትዝ ካላለህም ደውልልኝ።